የጋሽ ተቃራኒ ምሳ

«ሆት» አለች፣ ማንኪያውን ወንበር ላይ ከተቀመጠው አባቷ ከንፈር አስጠግታ።

«ኮልድ» አለ አባቷ። አፉ ክፍት ባለበት ቅጽበት ሾርባውን ሸርተት አደረገችለት።

«ቢግ።»

«ስሞል።» ሁለተኛው ማንኪያ ገባ።

ታላቅ ወንድሟ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በመገረም ያያቸዋል። ከሚኖርበት ከተማ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው፤ እሱ እንደሆነ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው።

«ምንድን ነው እሱ? ጨዋታ ነው?»

«ምሳ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

ምን ታድርግ! አባቷ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ አፍህን ክፈት ቢሉት አይከፍት፣ ቢለምኑት አይሰማ። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ አማርኛው ድራሹ ጠፍቶ የተረፈለት የክፍል ውስጥ ጥያቄና መልስ ብቻ ሆነ። ቃል ሲወረውሩለት ተቃራኒውን ይመልሳል። ዱሮም ተማሪዎቹ «ጋሽ ተቃራኒ» ነበር የሚሉት። ያን ሁሉ ዘመን የለፋባቸው ተመሳሳይ ቃላት እንኳ አንዳቸውም አልቀሩለትም። የሚገለብጠው ብቻ ቀረው።

አንዱ ቃል ቶሎ ቶሎ ሲደጋገምበት ደግሞ ይሰለቸውና ጥርሱን ይገጥማል። ስለዚህ በገዛ አባቷ ክፍል ተቀምጣ እንግሊዝኛ የወደቀችው ልጅ በስተርጅና ቃል ለቀማ ገባች። ፀጉር ቤቷ የሚመጡትን ደንበኞች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ «እስቲ ተቃራኒ ያለው ቃል ስጡኝ» ትላቸዋለች። አንዷ ተማርኩ ባይ «ፒስ ኦፍ ኬክ»፣ «በጣም ቀላል» እንደማለት፣ ብትሰጣት፣ አባቷ በግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ ጾሙን ዋለ። ፈሊጥ ምን ተቃራኒ አለውና!

«አንቺ ልጅ፣ ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል?» አለ ወንድሟ። «አልቀሻል እኮ። የነገርኩሽ የአረጋውያን መኖሪያ አልጋ ይዞልናል። ዛሬ ካልወሰድነው ለሌላ ይሰጡታል። ሐኪም አላቸው፣ የሚያነሳ የሚያስቀምጥ ጉልበተኛ አላቸው። መኪናው በር ላይ ቆሟል።»

«አባዬስ ምን ይላል?»

«ራሱን እንጠይቀዋ!» ወደ አባቱ ጎንበስ አለና ደንቆሮ የሚያናግር ይመስል ጮክ ብሎ፣ «አባባ፣ ስቴይ?» አለው። እዚሁ ልትቀር ትፈልጋለህ ወይ ማለቱ ነው።

«ጎ» አለ አባታቸው ወዲያው።

«ይኸው! እሄዳለሁ አለ። ከራሱ አንደበት ሰማሽ?»

ሰማች። ለወንድሟ ያልገባውም ገብቷታል። ዝም ብትል በቃ፣ አለቀ። ሌሊት ሌሊት ማገላበጡ፣ እርጥብ አንሶላው፣ የሰው ፀጉር እንደያዙ በቁም ማንቀላፋቱ፣ ወገቤን ማለቱ ሁሉ ዛሬ ያበቃል። ማታ ጋደም ብላ እስኪነጋ ትተኛለች። እንቅልፍ እንዴት እንደሚያስጎመጅ የማያውቅ ሰው አይፍረድባት። ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ስታዞረው ቆየች፤ እግዜር ያውቃል፣ ዝም ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

«እስቲ ደግሞ ጎ በለው» አለች በመጨረሻ፣ እንዳቀረቀረች።

«ለምን?»

«በለው ስልህ!»

«ጎ?» አለ ወንድሟ።

«ስቴይ» አለ አባቷ።

ወንድሟ ወደ እሷ ዞረ። «እና የቱን ነው የፈለገው?»

«እኔ በምን አውቄ? ያልከውን ገልብጦ ነው የሚሰጥህ። ኮልድ ስለው ሆት ይለኛል፤ ብርድ ልብሱን የምደርብለት እጁን ዳስሼ ነው።»

«እንግዲያው አንቺ ወስኚ! እኔን ከወዲያ ወዲህ ምን ያደክመኛል?»

ይሄኔ ሆድ ባሳት። እሱ ደከመኝ ይበል! ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ጥላ ግንባሯን የአባቷ ወንበር የክንድ ማሳረፊያ ላይ ደፋች።

«ደከመኝ» አለች በአማርኛ። ለማንም ብላ አይደለም። «በጣም ደክሞኛል።»

አባቷን ማንም ምንም አልጠየቀውም። አባቷ ግን ደህናውን እጁን አንስቶ ፀጉሯ ላይ አሳረፈው።

«ታየርድ» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ከንፈሩ ከሆነ ነገር ጋር ይታገላል። ተቃራኒው ይመጣል ብላ ጠበቀች።

«ኤግዞስትድ» አለ። ትንሽ አረፈና «ዊሪ» አለ።

የእሷን ድካም ነበር በሚያውቀው ቃል ሁሉ የሚጠራው። ገብቶታል። ምናልባት እስከ ዛሬም ሁሉ ነገር ይገባው ኖሯል፤ ሌሊት ስትነጫነጭም፣ ምነው በገላገለኝ ያለች ዕለትም።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «ጎ» አለ።

«የለም፣ የለም አባዬ፣ እንደሱ አይደለም!» እንባዋ ይወርዳል። ማንኪያውን አፈፍ አድርጋ ከከንፈሩ አስጠጋች፤ ሾርባው ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። እንደ ልማዱ እንዲገለብጥላት፣ የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ እንዲሆንላት፣ ጠየቀችው።

«ጎ?»

አባቷ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ጎ» አለ፤ አንገቱ ላይ ያሰረችለትን ፎጣ በአንድ እጁ ታግሎ ፈታና አቀበላት።