የዳማ ሹራብ

በጋና ክረምት በአንድ ቀን መፈራረቅ ከጀመሩ ወዲህ ውሻ አስተካካይዋ ትርንጎ እፎይ ብላ አታውቅም። በሐሩሩ የሸለተችውን የየውሻውን ፀጉር ፈትላ ሹራብ ትሠራለታለች፤ ብርዱ ድንገት ሲመጣ የገዛ ፀጉሩን መልሳ ታለብሰዋለች።

ዛሬም ቡላን ሸልታ ሳትጨርስ በረዶ ወረደ። ውሻው ሲንቀጠቀጥ ከመደርደሪያው ቡናማ ሹራብ መንጭቃ አጠለቀችለት። ቡላ ግን ጎኑን እያሸተተ፣ እያለቃቀሰ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከር ጀመር።

«ምን ሆነብኝ?» አሉ ባለቤቱ ጋሽ ውብሸት።

ትርንጎ የሹራቡን ምልክት ስታይ ክው አለች። «ውይ ጋሽዬ፣ የእናቱን አልብሼው! የዳማን!»

ዳማ ባለፈው ሳምንት በሐሩሩ ነው የሞተችው።

ቡላ በሩ ጋ ሄዶ ጅራቱን እየቆላ ውጭ ውጭውን ያይ ጀመር።

«አውልቂለት» አሉ ጋሽ ውብሸት፤ «ብርዱ ይሻለዋል።»