ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና

የጭነት መኪናው አሁንም ቦዩ ውስጥ ይገባል። ርዝመቱ ከክንድ አይበልጥም፤ አወዳደቁ ግን የትልቅ ነው። በጎኑ ተጋድሞ፣ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ እያሽከረከረ ያቃስታል። ሰውየው ሪሞቱን እንደያዘ ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል፤ ያነሳዋል፤ ጭቃውን በሱሪው ይጠርግና አፍንጫውን ወደ ቤቱ አዙሮ የግቢው በር ሥር ያስቀምጠዋል።

ሚስቱ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። የመንገድ ጫማዋን አድርጋለች፤ ሻንጣዋ ጉልበቷን ተደግፏል። ልጃቸው ሌላ ከተማ ወልዳለች፤ ታክሲው አሁን መጥቶ ይወስዳታል። እስከ መቼ እንደምትቆይ ሲጠይቃት “ልጅቷ እስክትጠነክር” ብላዋለች። “እኔስ?” የሚለው ግን አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሷም አብረን እንሂድ አላለችውም።

ነገሩን በመኪናው በኩል ሊጀምረው አስቦ ነበር። መኪናው ጡረታ እስኪወጣ የነዳው የጭነት መኪና አምሳያ ነው፤ አካሉን ከዘይት ጣሳ ቆርጦ፣ ጎማውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ አውጥቶ፣ ሞተሩንና ሪሞቱን ከተሰበረ መጫወቻ ነቅሎ፣ የግራ መከላከያው ላይ የነበረችውን ጭርምት ሳይቀር በመዶሻ አስመስሎ ሠርቶታል። ምግብ የሚበሉበት ጠረጴዛ ለወራት ጋራዥ ሆኖ ሚስቱ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ በልታለች። ሐሳቡ ቀላል ነበር። መኪናው እስከ በሩ ይሄዳል፤ ይዞራል፤ መጥቶ እግሯ ሥር ይቆማል። ያኔ እሷ ትስቃለች፣ እሱም እየሳቀች እያለ “እኔም ልምጣ” ይላታል።

መሄዱ እንደ ውሃ ነው። መዞሩም ደህና ነው። ጉዱ የሚፈላው ፊቱን ወደ እሱ ሲያዞር ነው። ያኔ የመኪናው ቀኝ የእሱ ግራ ይሆናል። እሱ ይህን ያውቃል፤ አውራ ጣቶቹን ግን ማሳመን አልቻለም። ዕድሜውን ሙሉ ከመሪ ኋላ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የሌላ ሰው ነው፤ ጥግህን ይዘህ ታሳልፈዋለህ እንጂ አትነዳውም።

“መሄዱንማ ድሮም ታውቅበታለህ” ትላለች ሚስቱ፣ ከቀሚሷ ላይ ክር እየለቀመች።

በክፋት አይደለም። ሰፈሩ ራሱ “እንግዳው” ነው የሚለው። ሾፌር ሳለ በወር አንዴ ብቅ ይላል፤ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ጎህ ሳይቀድ ውልቅ ነው። ቤት መዋል የጀመረ ሰሞን የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ “እንግዳችሁ ዘንድሮስ ቆየ” ብሎ ሲያሾፍ ሚስቱ ስትስቅ ሰምቷታል። እሱም አብሮ ስቆ ነበር፤ ትንሽ ዘግይቶ።

መኪናው ጥቂት ይመጣል፤ ወደ ጎን ያፈተልካል፤ እመልሰዋለሁ ሲል የባሰ ይሸሻል፤ ቦይ። ባትሪው ነው ይላል። ሪሞቱ ነው ይላል። መሬቱ ያዘነብላል ይላል። የገለበጠ ሾፌር የሚለውን ሁሉ ብሎ ሲጨርስ መኪናውን መልሶ በሩ ሥር ያቆምና፣ ወደ ግቢው መሃል መጥቶ ሪሞቱን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል።

ሚስቱ ትነሳለች። ሪሞቱን አንስታ መዳፉ ላይ ትመልስለትና ወደ ደረጃው ታፈገፍጋለች።

“ዙር።”

“ወዴት?”

“ወደኔ። ለሱ ጀርባህን ስጠው።”

ሳያይ የሚነዳ ሾፌር የት አገር እንዳየች ይጠይቃታል። እሷም ትልቁን መኪና እዚህ ግቢ በኋላ ማርሽ ሲያስገባ ምን ያይ እንደነበር ትጠይቀዋለች። በስፖኪዮ ረዳቱን፣ ይላል፤ የረዳቱን እጅ።

“እኔም እጁን ነበር የማየው፤ ከዚያ መስኮት።”

መስኮቱን ዞሮ ያየዋል። መጋረጃው ገርበብ ብሏል።

“መስኮቱ ላይ ነበርሽ?”

“ታዲያ የት ልሁን?”

ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቆማል። እሷ እጇን ታነሳለች።

“ና።”

ትንሿ ሞተር ከኋላው ታጓራለች። “ና… ና… ግራህን ያዝ” ትላለች፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ አንዴም ሳትሳሳት። “መልስ። አሁን ና።” አውራ ጣቶቹ እሱን እምቢ ያሉትን ለሷ ይታዘዛሉ። “ና” የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ይሞክራል። “መጣህ?” ትለው ነበር። “ደሞ መቼ ነህ?” ትለው ነበር።

ውጭ ክላክስ ይጮሃል። የግቢው በር ገርበብ ይልና የታክሲው ሾፌር አንገቱን ያስገባል። እሱ የሚያየው ትልቅ ሴትዮ በእጃቸው ሲጠሩ ነው፤ የጠሩት እሱን መስሎት አንድ እግሩን ያስከትላል።

“አንተን አይደለም ልጄ” ትለዋለች፣ እጇን ሳታወርድ።

ሾፌሩ ባለበት ይቆማል። ሻንጣውን ያያል፤ ሽማግሌውን ያያል።

“እማማ፣ አንድ ሰው ነው አይደል የተባልኩት?”

የጣሳው መኪና በሰውየው ተረከዝ ጥግ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ካለፈው በኋላ ቀላል ነው፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ የጫማዋን ጫፍ ይነካል። ሰውየው አውራ ጣቶቹን ያነሳል። ሞተሩ ጸጥ ይላል።

እጇ ግን አሁንም እየጠራ ነው።