የአምስት ሰው ፈቃድ

የኢንጂነር ተድላ የዲዛይን ቢሮ ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። አንድ ሰርቨር አለው። አሥራ ሁለቱ ሠራተኞች ፕላኖቻቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ላይ ነው፤ የሚያትሙትም በእሱ በኩል ነው።

ሰርቨሩን የሸጠላቸው የቡራዩ ነጋዴ፣ ለሚጠቀምበት ሰው ሁሉ የየራሱ ፈቃድ እንደሚገዛለት ነግሯቸው ነበር። ያኔ አምስት ነበሩ፤ አምስት ገዙ። ከዚያ ወዲህ ሰው እንጂ ፈቃድ አልተጨመረም።

ሰኞ ዕለት ነጋዴው ደወለ።

«ፈቃድ የሚያጣሩ ሰዎች እዚህ ገብተዋል። አንድ ቢሮ ሄደው ሠራተኛ ቆጠሩና ከፈቃዱ በላይ በተገኘው ሰው ልክ ቀጡት።»

ማክሰኞ ጠዋት ጥበቃው ኦቦ ቀጄላ ተድላ ዘንድ ገቡ።

«ትናንት ከወጣህ በኋላ አንድ ባለ ቦርሳ ሰውዬ መጥቶ፣ እዚህ ስንት ሰው ይሠራል አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«የምጠብቀው በር ነው፤ ሰው አልቆጥርም አልኩት። ዛሬ ረፋድ ላይ እመለሳለሁ ብሏል።»

የተድላ ፊት ተለዋወጠ። ቢሮው አዲስ ሥራ ካገኘ አራት ወር ሆኖታል። የቀረው ተስፋ ሐጂ ሀሰኖ ገላን ላይ የሚያሠሩት መጋዘን ነው፤ እሱንም ከአንድ የሱሉልታ ቢሮ ጋር እየተሻሙት ነው። ካላገኙት ወሩ ሲያልቅ ይዘጋሉ። ቅጣት ከተጨመረበት ደግሞ ወሩንም አይጨርሱት።

«ሰባታችሁ ጥፉ» አለ።

ሁለቱ ምንም ሥራ ወደሌላቸው ወደ ተጂ ተሳፈሩ። አራቱ ቁርስ ቤት ገብተው አንድ ፉል ለአራት አዘዙ። ማርቆስ ላፕቶፑን እንደታቀፈ ዕቃ ቤት እንዲደበቅ ተነገረው።

«እኔስ ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ልሥራ?»

«ዝም ትላለህ።»

ሰባቱ ወንበሮችም አብረውት ተቆለፉ። ጸሐፊዋ ጣቢታ ትርፍ ስኒዎቹን ሰበሰበች።

ሰውዬው አራት ሰዓት ላይ መጣ።

«እኔ የመጣሁት...»

«እናውቃለን፤ ይግቡ» አለው ተድላ። «ሰርቨሩ በዚህ በኩል ነው።»

«እሱ ይቆየን። ሰዎቹን ልይ።»

ተድላ ጣቢታን ጠቀስ አደረጋት፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው ማለቱ ነው።

ሰውዬው አምስቱን እየጨበጠ ስማቸውን መዘገበ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌላ የለም።»

«መስክ የወጣ? የታመመ?»

«ሁላችንም ይኸው ጤነኞች ነን።»

በዚህ ጊዜ ማተሚያው በራሱ ተነስቶ አንድ ሰፊ ፕላን መትፋት ጀመረ። ማርቆስ ሥራ መፍታት አይወድም።

«ይኼን ማን አተመው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጣቢታ፣ በሁለት እጇ የሻይ ትሪ እንደያዘች።

ሰውዬው ትሪውን አየ፤ ማተሚያውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኢንጂነር፣ ሰው ካለ አሁን ይንገሩኝ። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። በኋላ ላስተካክል ብል አልችልም።»

«ከተከፈትን ጀምሮ አምስት ነን» አለ ተድላ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ተድላ ፈረመ። ጣቢታ ሳትጠየቅ ማኅተም መታችበት።

ሰውዬው እንደወጣ ማርቆስ አቧራውን እያራገፈ ከዕቃ ቤት ተለቀቀ። ተድላ ለአሥራ ሁለት ሰው ምሳ አዘዘ።

ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገብቶ ስልክ ደወለ። «ሐጂ፣ አሥራ ሁለት ባለሙያ አለን ብለው የጻፉልዎት ውሸት ነው። አምስት ናቸው፤ ፈርመውልኛል። መጋዘኑን ለሱሉልታዎቹ ይስጡት።»