ሦስተኛው ቁልፍ

«ጣቶችዎ ላይ የመደንዘዝ ስሜት አለ?» ነርሷ የእስክሪብቶዋን ጫፍ ዜሮው ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች።

«ደህና ናቸው» ትላለች እናት።

ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ የገዛ ጉልበቷን ታያለች። ይህ አሥራ አንደኛው ጥያቄ ነው፤ አሥራ አንዱም በ«ደህና» ታልፏል። ምግብ ደህና፣ እንቅልፍ ደህና፣ እግር ደህና። ሰው እየሞተም እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነው የሚለው። ወረቀቱ ላይ ግን ደህና የሚል ሳጥን የለም፤ ያለው ከዜሮ እስከ አራት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሕመሙ ሲብስ ቁጥሩ ይጨምራል። ነርሷም እንደ ልማዷ ደህናውን ሁሉ ዜሮ ታደርገዋለች።

ጥናቱ የአዲስ የካንሰር ክኒን ጥናት ነው። እናት ከሦስት ወር በፊት ስትገባ ብብቷ ሥር ያለው እብጠት የሎሚ ያህል ነበር፤ አሁን ባቄላ አክሏል። ከጥናቱ ከወጣች የሚቀራት በገንዘብ የሚገዛው መድኃኒት ነው፤ የዚያን ዋጋ የሰሙ ዕለት እናትና ልጅ ቤት እስኪደርሱ አልተነጋገሩም። ዛሬ ደግሞ ቅሬታ ከሌለ የክኒኑ መጠን ይጨመራል። ባለፈው ወር እግሬን አቃጠለኝ ያለውን ሽማግሌ ክኒኑ ለጊዜው ይቁም ብለውት ነበር፤ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ዳግመኛ አልታየም። እናትም ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጡ የልጇን ክንድ ይዛ፣ «ትንፍሽ ብትዪ እናት የለሽም» አለቻት።

ልጅቷ ቃሏን ጠብቃ ተቀምጣለች። ግን ፈርታለች። መጠኑ ከተጨመረ የጣት ድንዛዜው ዳግም እንደማይለቅ፣ የፈረሙበት ወረቀት ላይ በግልጽ ተጽፏል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ባለፈው ሳምንት የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ላይ የደም ጠብታ አይታ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ስትል፣ መርፌው ጣቷ ላይ እንደተሰካ ነበር።

ነርሷ ገጹን ትገልጣለች። «ቁልፍ ያለው ልብስ ያለ ሰው እርዳታ ይቆልፋሉ?»

እናት ትስቃለች። «አርባ ዓመት ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ልጄ። ይልቅ የአንቺ ጋውን ሁለተኛው ቁልፍ ሊወድቅ ነው።»

ነርሷም እየሳቀች ጋውኗን ታያለች። እውነትም ቁልፉ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ከዚያ ቀና ስትል ዓይኗ የእናት ሹራብ ላይ ያርፋል፤ ሳቋም ቀስ እያለ ይጠፋል።

ልጅቷ የነርሷን ዓይን ተከትላ ታየዋለች። ሦስተኛው ቁልፍ አራተኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተዛንፎ፣ የሹራቡ አንዱ ጫፍ ከሌላው ዝቅ ብሏል። አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው ስትጣደፍ ያለበሰቻት እሷ ናት። እናትም ሲያለብሷት ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምታየው፤ ስለዚህ አላየችም።

«እናቴ» ትላለች ነርሷ ዝግ ብላ፣ «ይሄን ሹራብ ማነው የቆለፈልዎት?»

እናት አንገቷን ደፍታ ደረቷን ታያለች። ይህች ሴት ሰፈሩ «እትዬ ሚሊሜትር» ብሎ ስም ያወጣላት ናት። እጅጌው በፀጉር ያህል በለጠ ብላ የሙሽራ ቀሚስ ሙሉውን የተረተረች፣ ልጇን ኮሌታሽ ጠሟል ብላ ከትምህርት ቤት በር የመለሰች ናት። ረዳቶቿ ያበላሹትን ሥራ እንኳ በእሷ ስም እንዲወጣ ፈቅዳ አታውቅም።

«እኔው ነኝ» ትላለች። «ቸኩዬ ነው።»

ልጅቷ እናቷ ፀጉሯን ስታጣ አይታለች፣ ሌሊቱን ስታስመልስ ጭንቅላቷን ደግፋ ይዛለች። ያኔ ያልመጣ እንባ አሁን ይመጣል። እናቷ ለመኖር ብላ ጠማማ ሥራ የእኔ ነው አለች።

«እኔ ነኝ የቆለፍኩላት» ትላለች ልጅቷ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ይወጣል። «ሦስት ሳምንት ሆነን። መርፌ ሲወጋትም አታውቅም።»

እናት ወደ ልጇ አትዞርም። ነርሷ እስክሪብቶዋን ከዜሮው አንስታ ሦስቱን ትከብበዋለች። የሚወስነው ሐኪሙ ነው ትላለች፤ መጠኑን ሊቀንሰው ይችላል፣ ከነጭራሹ ሊያቆመውም ይችላል፤ ቃል መግባት አልችልም ብላ ወረቀቱን ይዛ ትወጣለች። በሩ ከኋላዋ ይዘጋል።

ልጅቷ ተንበርክካ እናቷ ፊት ትቀርባለች። ይቅርታ ልትል አስባ ትተወዋለች። ይልቁንም ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትፈታለች፤ እናት ግድግዳውን ታያለች። ሁሉም ተፈተው ሲያልቁ ልጅቷ የአንገቱን ቁልፍ ይዛ እንደገና ልትጀምር ስትል፣ ከላይ ድምፅ ትሰማለች።

«ከታች ጀምሪ» ትላታለች እናት፣ ረዳቶቿን በምታዝበት ድምፅ። «መጀመሪያ ጫፍና ጫፉን አስተካክይ።»

ልጅቷ ሁለቱን ጫፎች ገጥማ ከታች ትጀምራለች። በኮሪደሩ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ እየቀረበ ነው። የመጨረሻው ቁልፍ ሲገባ እናት ጣቷን በሹራቡ ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ታሳልፋለች። ጣቷ ምንም አይነግራትም። ጎንበስ ብላ በዓይኗ ታየዋለች።