የቁልፎቹ ብርሃን

ኪቦርዱ ከየቁልፉ ስር ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ይረጭ ነበር። ባሏ ሙአዊያ ከጅዳ ሲመለስ ያመጣላት ነው። የሰው ማመልከቻ ስትጽፍበት ዓይኗን እያጥበረበረው፣ "ቀንሰው" ስትለው፣ "የሙሽራ ቤት አይደል እንዴ፤ ይድመቅ እንጂ" ይላት ነበር። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ሙአዊያ በውጫሌ መንገድ እንደወጣ ቀረ። ዓመት ሙሉ አባቱ፣ "ልጄ፣ የሟች ባልሽን ሐዘን፣ ኢዳሽን ተቀመጪ፤ ጌጥሽን አውልቂ" እያሉ ለመኗት። እሷ ግን፣ "ጀናዛውን ያየ ሰው አለ?" ትልና በዚያው ብርሃን መጻፏን ትቀጥላለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት መልስ፣ አባትየው አንድ የአምባሰል ገበሬ አስከትለው ገቡ። ገበሬው በጨርቅ የተጠቀለለ መታወቂያ ፈትቶ ኪቦርዱ አጠገብ አኖረ።

"አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ፎቶውን አየችው። አላለቀሰችም። አምባሯን አወለቀች፤ ቀጥላም እስከዚያ ቀን ነክታው የማታውቀውን የብርሃን መቀነሻ ተጫነች። ቀዩ ደበዘዘ። ደግማ ተጫነች፤ አረንጓዴውም ሳሳ። ጭላንጭል ብቻ ሲቀር፣ ዓመት ሙሉ ሲለምኗት የኖሩት አባት እጇን ያዙ።

"ይብቃ ልጄ" አሉ። "ይቺን እንኳ ተይልኝ።"