የተጠበቀው እልልታ

ሊቀመንበሩ የመልሶ ማቋቋም ኮሚቴውን አባላት ስም ጠርቶ ጨረሰ፤ አንድም ሴት አልነበረችበትም። ናዳው ቤታቸውን ለወሰደባቸው ሰዎች አዲስ የቤት መሥሪያ ቦታ የሚያከፋፍሉት እነዚህ ወንዶች ናቸው። «ባል የሌላት ለጊዜው ከዘመዷ ትጠጋ» አለና ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «በሉ እንጂ እናቶች! እልል በሉልን!»

ዓይን ሁሉ ባሏ በሞተባት በአንጓች ላይ አረፈ። በሮብ ገበያ ዙሪያ ያለ እሷ እልልታ ሙሽራ አይወጣም። እሷ ግን የተመረጡትን ጀግኖች አንድ በአንድ ታያቸው ነበር። ናዳው የወረደ ዕለት እነሱ ማዶ ተዝካር ላይ ጠላ ሲጨልጡ፣ ሰውን ከጭቃ ውስጥ በእጃቸው እየዛቁ ያወጡት ሴቶቹ ነበሩ። የአንጓች ጥፍሮች ገና አልበቀሉም። የሊቀመንበሩን እናት ጎትታ ያወጣቻቸውም እሷ ናት፤ ልጅዬው የደረሰው ሲመሽ ነው፣ ያውም እየተንገዳገደ። አሁን ደግሞ የታጠበ ጋቢ ደርቦ እልልታ ይጠብቃል!

እጇን ወደ ላይኛው ከንፈሯ አነሳች። ሰዉ ጸጥ አለ፤ ሊቀመንበሩም ፈገግ ብሎ ደረቱን ነፋ። አንጓች አፏን በሰፊው ከፈተችና ተዝናንታ አዛጋች። አጠገቧ ያለችው ተከተለቻት፣ ከዚያ ከኋላ ያሉት፤ ማዛጋት መቼም ይጋባል። በመጨረሻ የሊቀመንበሩ እናት አዛጉ፤ አፋቸው ላይ አማተቡና ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

«ልጄ» አሉ፣ «ከጭቃ ያወጣችኝን ስትጠራ ቀስቅሰኝ።»