ፈቃዱ አልተረጋገጠም

አቶ ደረሰ የተዛባ ፎርም አይወዱም። ሐዋሳ መሃል ከተማ ባለው የግል ኮሌጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሬጅስትራር ሆነው ሲሠሩ፣ አሳስቶ ሞልቶ በእሳቸው መስኮት ያለፈ ተማሪ የለም። "ሂድና አስተካክለህ ና" ይሉታል፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት።

ዘንድሮ አስቸጋሪው ፎርም ሳይሆን ሰርቨር ሆነ። የኮሌጁን ኮምፒውተሮች ይይዝ የነበረው ሳዳም አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ባለፈው ዓርብ ለቀቀ። ሲሄድ ድረ ገጹን የሚቆጣጠረው አዲሱ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚጫን በአንድ ወረቀት ደረጃ በደረጃ ጽፎ፣ የሶፍትዌሩን ፈቃድ ቁጥር ከግርጌ አስቀመጠ። ምዝገባ በኢንተርኔት የሚከፈተው ሰኞ ነው። ዲኑ "ማን ይሠራዋል?" ሲሉ አቶ ደረሰ እጃቸውን አወጡ። ተጽፎ የተሰጠ ነገር ምን ያቅታል?

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑን ከፍተው ገና ከመጀመራቸው ተናደዱ። ማሽኑ ላይ የተሞላው ስልክ ቁጥር የድሮው፣ ቀኑ የተሳሳተ፣ የኮሌጁ ስም ደግሞ አንድ ፊደል የጎደለው።

"እንዲህ አድርጎ ነው ደመወዝ ሲበላ የኖረው?" እያሉ ሁሉንም አስተካከሉና መጫን ጀመሩ።

ሶፍትዌሩ ሲንፏቀቅ ሲንፏቀቅ ሰማንያ በመቶ ደርሶ ቆመ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ ፈቃዱን ማረጋገጥ አልተቻለም።

አጥፍተው ከሀ ጀመሩ። ሰማንያ ላይ ቆመ። ራውተሩን ነቅለው ሰኩት። ቆመ። ጸሐፊዋ ፌቨን የፈቃዱን ቁጥር አንድ በአንድ እያነበበችላቸው ጻፉ። ያው ሰማንያ፣ ያው ቀይ። ፌቨን ማሽኑ ያወጣውን የስህተት መዝገብ አያይዛ ለሶፍትዌሩ ሻጮች ኢሜይል ላከች፤ እሳቸው ሳዳም ጋ ደወሉ።

"ጋሽ ደረሰ፣ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ዝርዝር ይኖራል። እስቲ እሱን ያንብቡልኝ።"

"ምን አነብልሃለሁ? የሠራኸውን አንተ ታውቀዋለህ!"

"እኔ ምንም አልሠራሁም። ገና ሐዋሳ ነኝ፣ መጥቼ ልየው። የመሸኛ ደብዳቤዬንም እወስዳለሁ፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት እስከ ነገ አምጣ ብሎኛል።"

መሸኛ! አቶ ደረሰ አሁን በራላቸው። ደብዳቤው ሳይፈረም ጠረጴዛቸው ላይ ስንት ቀን ከርሟል። ለካ ልጁ ቂም ይዞ ኖሯል።

"ያበላሸኸውን መጥተህ ልትሸፍን? እግርህ እዚህ ግቢ እንዳይረግጥ!" ብለው ዘጉበት።

"ጋሼ፣ ሳዳም እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም" አለች ፌቨን። "የሻጮቹ መልስ እስኪመጣ እንኳ ይታገሱ።"

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፣ ፌቨን። ያጎረስኩበትን እጄን ነው የተነከስኩት።"

እስከ ምሳ ሰዓት ሁለቴ ደግመው ጫኑት፤ ከስልኩ እስከ ቀኑ፣ ከቀኑ እስከ ስሙ አንዲት ነገር ሳያዛቡ። ሁለቴም ሰማንያ። ዲኑ ደውለው "አለቀ?" አሉ። መናኸሪያ የወረዱ ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ መስኮቱ ላይ ተደርድረው "ምዝገባው መቼ ነው?" ይላሉ። የአቶ ደረሰ ጆሮ ጋለ። ምሳም አልበሉ።

በመጨረሻ ወረቀት ሳቡ። ለሳዳም አዲስ መሥሪያ ቤት ጻፉ፦ ሠራተኛው የኮሌጁን ሰርቨር ሆን ብሎ ስላበላሸ መሸኛ እንደማይሰጠው፣ ኮሌጁም በሕግ እንደሚጠይቀው። ቁጥሩንና ቀኑን አሳምረው ጻፉበት፣ ፈረሙ፣ ማህተም መቱ።

"ስካን አድርገሽ አሁኑኑ ላኪ።"

ፌቨን ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ላከችው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጠራ።

"ጋሽ ደረሰ፣ ቅጥሩን ሰረዙብኝ።" ሳዳም ነው። "ቤቴን ለቅቄያለሁ፤ ሚስቴም ሥራዋን ትታለች። ምን በደልኩዎት?"

"እሱን ሰርቨሩን ስትነካካ ማሰብ ነበረብህ" አሉት። ከጠዋት ጀምሮ ቀለል ያላቸው ገና አሁን ነው።

ፌቨን በሩ ላይ ቆማለች። የሻጮቹ መልስ መጥቷል፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ በእጇ ይዛዋለች።

"አንብቢልን እስቲ፤ ጉዱ ይውጣ።"

ፌቨን በአማርኛ እየመለሰች ቀስ ብላ አነበበችላቸው፦ "ፈቃዳችሁ ደህና ነው፤ የሚጀምረው ግን በዚህ ዓመት፣ በ2026 ነው፤ የማሽናችሁን ቀን ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ወደ 2018 መልሶታል።"